አንዲት የኪሮሽ አበባና ያልታሰርኩት እስር

በዚህ ነገር ውስጥ እጃቸው ያለበትን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ ልጥራቸው፤ ኋላ መሐል ላይ ስንደርስ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» እንዳትሉኝ።

ሜሮን ልጄ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ስለዚህ በቤታችን እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትከራከራለች፤ ሁለታችንም በየቋንቋችን እንዳሸነፍን ቆጥረን እንተኛለን። አልማዝ ባለቤቴ ናት። ትንሽ ነው የምትናገረው፤ የተናገረችው ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ለባል ከባድ ፈተና ነው። እማማ የሺ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ጥቂት ክረምት ስቶክሆልም የቆዩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ያልደከመ እናት ናቸው። እህት ጽጌ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትረዳ የጸሎት ቤታችን አባል ናት፤ ለሽማግሌው መድኃኒቱን፣ ለእኛ ወሬውን፣ ሁለቱንም በሰዓቱ ታደርሳለች። ጋሽ ደሳለኝ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ታስረው የነበሩ፣ ዛሬ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ኢንጋ የፎቃችን ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣች ስዊድናዊት ናት። «አንቱ» ልላት ሞክሬ «ያን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?» ብላ ስለተቀየመች «አንቺ» እላታለሁ፤ ባልኳት ቁጥር ግን አንገቴን ጎንበስ አደርጋለሁ።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ሶልና ባለ ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ አመላላሽ ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት መጽሐፍ በማንበብና ዕቃ በመፍታት ነው። ሰው የሠራውን ነገር ሰው ሊያውቀው ይችላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ሬዲዮ ፈትቼ ሬዲዮን አወቅሁ። የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ሰዓትን አወቅሁ። የአልማዝን የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ፈትቼ ደግሞ አልማዝን አወቅሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ።

እማማ የሺ አገራቸው ለመመለስ ሲቆርጡ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች የመሰናበቻ አልበም ሊሠሩላቸው ተስማሙ። ከሱቅ የሚገዛ አልበም አይደለም፤ ወፍራም ወረቀት ተቆርጦ፣ ጀርባው በክር ተሰፍቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ እንደ ፖስትካርድ አድርጎ የሚያስጌጠው ነው። ነገር ግን እማማ የሺ ፎቶግራፉን አያዩትም፤ ጽሑፉንም አያነቡትም። ይህን ያሰበ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሜሮን አሰበችው።

«በጣታቸው ያንብቡን» አለች።

በየገጹ ላይ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አበባ በኪሮሽ ሠርቶ ይለጥፋል። የአንዱ ትልቅ፣ የአንዱ ትንሽ፣ የአንዱ ጫፉ ሾጣጣ ይሆናል፤ እማማ የሺ አገራቸው ተቀምጠው ገጹን ሲዳስሱ «ይቺ የእገሌ ናት» ይላሉ።

እኔ ይህን ስሰማ ምን አልኩ? «ክር ማባከን ነው» አልኩ። አባት ጥሩ ሐሳብ ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ልቤ ግን ተገርሞ ነበር።

ሜሮን ኪሮሹን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። እዚህ አገር «ስሎይድ» የሚሉት የእጅ ሥራ ትምህርት አለ፤ ሴቱም መዶሻ ይይዛል፣ ወንዱም መርፌ ይይዛል። ስንት ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ፣ አንዲት ቢጫ አበባ ሠራች። አምስት ቅጠል ነበራት። መጨረሻዋን ግን ገና አላሰረችውም፤ እንዴት እንደሚዘጋ መምህሯን ልትጠይቅ ነበር። አበባዋን ጠረጴዛው ላይ ትታት ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ከመሄዷ በፊት ግን መክሬያት ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነገሩ አይገባችሁም። ካቻቢቴዬን ሳታስፈቅድ ወስዳ የቀለም ቆርቆሮ ከፍታበት ጫፉን አጣማዋለች። በር ላይ አቁሜ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ «የሰው ዕቃ ያለ ፈቃድ አይነካም» አልኳት። «የነካ ሰው ደግሞ ይናገራል። ዝም ያለ እንደ ዋሸ ይቆጠራል። ሰማሽ?»

«ያ፣ ያ» አለች ጣሪያውን እያየች። በስዊድንኛ «እሺ፣ እሺ» ማለት ነው፤ በልጆች ስዊድንኛ ደግሞ «መቼ ነው የምታበቃው?» ማለት ነው።

ወጣች። እኔ የዕረፍት ቀኔ ነው። ቤቱ ውስጥ እኔና አበባዋ ብቻ ቀረን።

አነሣኋት። ገለበጥኳት። መነጽሬን አድርጌ አየኋት። ሽመና አይደለችም፤ ድርና ማግ የላትም። ስፌት አይደለችም፤ የተሰፋችበት ጨርቅ የለም። ቋጠሮ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አንድ ክር ብቻ ነው፤ ራሱን በራሱ አቅፎ፣ ከራሱ ውስጥ ገብቶ ከራሱ ውስጥ ወጥቶ፣ አበባ ሆኗል። ታዲያ ምን ይዞት ነው የቆመው? ይህ ጥያቄ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ሥር ይዞር ጀመር። ከጀርባዋ የክሩን ጫፍ አገኘሁ። «ጥቂት ብቻ ስቤ ልይ» አልኩ። ሔዋንም ጥቂት ብቻ ነው የገመጠችው።

ትርርር አለ።

ወገኖቼ፣ ሰዓት ስትፈቱ ጥርሱም ምንጩም ብሎኑም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ ሰዓቱ ተበታትኖም ቢሆን እዚያው አለ። ኪሮሽ ስትፈቱ ግን የሚቀራችሁ ክር ነው። የጠፋ ነገር የለም፤ በሚዛን ብታስቀምጡት ያው ነው። አበባዋ ግን የለችም። የት ሄደች? ክሩን ይዤ ቆሜ ይህን ሳስብ የጣድኩት ሻይ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። እስከ ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም።

ማታ ሜሮን ገባች። ጠረጴዛውን አየች፣ ከሥሩ አየች፣ ሶፋውን አነሣች።

«ፓፓ፣ አበባዬን አይተሃል?»

«የአበባሽ ጠባቂ እኔ ነኝን?» አልኳት።

ይህን መልስ መጀመሪያ ማን እንደ መለሰው ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቃየል እንኳ ያን ሲል እጁ ባዶ ነበር፤ የእኔ እጅ ግን ኪሴ ውስጥ ቢጫውን ክር ጨብጧል። እውነቱን ልነግራት ነበር። ነገር ግን ጠዋት በር ላይ የሰበክሁት ስብከት ገና አልቀዘቀዘም። ስለዚህ አንድ ጥበብ መጣልኝ፦ አበባዋን መልሼ እሠራታለሁ፣ ሶፋው ሥር አስቀምጣታለሁ፣ ትገኛለች፤ ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልተጎዳ። ሬዲዮ የገጠመ ሰው አበባ ሊያቅተው ነው?

የኪሮሽ መርፌና ክር ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ «ለሚስትህ ነው?» አለችኝ። «ለጥናት ነው» አልኳት፤ እውነት ነው። ከቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ተዋስኩ። በመጀመሪያው ሥዕል አንዲት እጅ ክር ይዛለች። በሁለተኛው ክሩ ቀለበት ሆኗል። በሦስተኛው መርፌው በቀለበቱ ውስጥ ገብቷል። በአራተኛው የአልጋ ልብስ አለ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል የሆነውን መጽሐፉ አይናገርም፤ ጨዋ መጽሐፍ ነው።

የት ልለማመድ? በምንኖርበት ሰፈር፣ በሃግሴትራ፣ አፓርትመንት ውስጥ አንድ አባወራ በር ዘግቶ ብቻውን የሚሆንበት አንድ ቦታ ቢኖር የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ትቬትስቱጋው፣ ነው። ሰዓት ይዛችሁ ቁልፋችሁን ከሰቀላችሁ ንጉሥም ቢሆን አያስወጣችሁም። «ከዛሬ ጀምሮ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ» አልኳት አልማዝን።

ድስቱን እያጠበች ነበር፤ ውኃውን ዘጋችው። «ምን ነካህ?»

«ባል ሚስቱን ይርዳ ተብሎ ተጽፏል።»

«የት ነው የተጻፈው?»

«በመንፈሱ ስታነቢው አለ።»

የልብሱን ቅርጫት አቀበለችኝ። «ሱፉን በሙቅ እንዳታጥበው» አለች። እንዳልኳችሁ፣ ትንሽ ነው የምትናገረው።

ማሽኑ ሲያጉረመርም እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ቀለበት በቀለበት ውስጥ አስገባለሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ ትል ሆነ። ሁለተኛው ክብ ለመሆን ጀምሮ መሐል ላይ ሐሳቡን ቀየረ፤ ጫፉ ወደ ላይ እየተጠቀለለ፣ እየጎበጠ፣ ቆብ ሆነ። ፈታሁት፣ ደግሜ ሠራሁት። አሁንም ቆብ። ለምን? ክሩ ያው፣ መርፌው ያው፣ የሜሮን ጠፍጣፋ አበባ ሆኖ የእኔ ለምን ቆብ ይሆናል? ልጠይቅ የምችለው ሰው የለም፤ የሚያውቀው ሰው እሷ ናት።

እንዲህ ቆቤን በጣቴ ላይ አድርጌ እያዞርኩ ሳይ ኢንጋ የረሳችውን አንሶላ ልትወስድ ገባች። መደበቂያ አልነበረኝም።

«ኦ!» አለች። «የእንቁላል ቆብ! አንተ ነህ የሠራኸው?»

ለካ በዚህ አገር የተቀቀለ እንቁላል ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ እንዳይበርደው ቆብ ይደረግለታል! ይህን ያህል ዓመት ኖሬ አላወቅሁም። እኛ ስንመጣ ቆብ ሳናደርግ ጆሯችን ሊቆረጥ ነበር፤ እንቁላሉ ግን ተቆርቋሪ አለው። ኢንጋ ቆቡን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። «እንዲህ ያለ ከእናቴ ቤት ወዲህ አላየሁም» አለች፤ ዓይኗ እርጥብ አለ። ሰጠኋት። አመሰገነችኝና፣ «ልጆቼም ለእሑድ ቁርስ ይመጣሉ» አለች። ስለዚህ አበባ ለመሥራት በሞከርኩ ቁጥር የኢንጋ እንቁላሎች አንድ በአንድ እየለበሱ ሄዱ። የአልማዝ ሱፍ ሹራብ ደግሞ በዚያው ሰሞን በስድሳ ዲግሪ ገብቶ ለሜሮን አሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ ወጣ። አልማዝ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችውና «ይህንንም ልታውቀው ብለህ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ትቬትስቱጋው ታገደብኝ።

የቀረኝ ባቡር ነው። ከሃግሴትራ ሶልና ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና፣ ደግሞ ስዊድናዊ ሰው አያይህም። በግ ይዘህ ብትገባ «ወንበሩ የተያዘ ነው?» ብሎ በጉን ይጠይቀዋል እንጂ አንተን አያይህም። ስለዚህ በነጻነት ጥግ ይዤ መርፌዬን አወጣሁ። መጀመሪያ በጋዜጣ ከልዬ ነበር፤ ኋላ እሱንም ተውኩት።

አንድ ቀን ቀና ስል እህት ጽጌ በሩ አጠገብ ቆማለች። አየችኝ። እጄን አየች። እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላጋጠመኝም፣ ሰላም ሳትለኝ ወረደች። እህት ጽጌ! ከመንገዱ ማዶ፣ በበረዶ ውስጥ፣ «እንዴት ሰነበትክ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ያ ጉንፋን ተሻለህ?» ብላ የምትጮኸው ሴት፣ ፊት ለፊቴ ቆማ ሰላም ሳትለኝ ወረደች። «ምን በድያት ይሆን?» እያልኩ ዋልኩ።

በቀጣዩ እሑድ ጸሎት ቤት ስንገባ አንዱ ወጣት ሮጦ ካፖርቴን ከትከሻዬ ወሰደ። ያ ልጅ አባቱንም ካፖርት ተቀብሎ አያውቅም። ሌላው ከፊት ወንበር አስነሥቶ አስቀመጠኝ። ስንዘምር የሚወጋኝ የሰው ዓይን ተሰማኝ፤ ዞር ስል ሰው ሁሉ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ከአምልኮ በኋላ ቡና በተርሞስና ቡለ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ ሲታደል ትልቁ ቡለ፣ ያ ሁልጊዜ ለእንግዳ ሰባኪ የሚቀመጠው፣ ለእኔ መጣ። አልማዝ በክርኗ ነካችኝ። «ሞተሃል እንዴ ሳትነግረኝ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጄን በሁለት እጁ ያዘና በዝግታ፣ «በሚመጣው እሑድ በእማማ የሺ ስንብት ላይ አንድ ቃል ይንገሩን» አለኝ። «አናስጨንቅዎትም። ልብዎ የፈቀደውን ያህል ብቻ።»

ለስንብት ንግግር የሚጠራ ሰው ይህን ያህል አዘኔታ ምን ያደርግለታል? «እሺ» አልኩ።

ምስጢሩ የገባኝ ካፖርት መስቀያው አጠገብ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ቀስ ብለው መጡና በጆሮዬ፣ «የት ነበሩ?» አሉኝ።

«ፊት ወንበር።»

«አይደለም። በፊት።»

«ሃግሴትራ ከመግባታችን በፊት? ፋርስታ ነበርን።»

«በዘመኑ ማለቴ ነው። የትኛው እስር ቤት?»

ደንግጬ ቡለው አነቀኝ። ጋሽ ደሳለኝ ጀርባዬን እየመቱ ነገሩኝ። እህት ጽጌ በባቡር ውስጥ ኪሮሽ ስሠራ አይታለች። እኛ አገር ወንድ ልጅ ኪሮሽ የሚማረው የት ነው? እስር ቤት ነው። የአልጋ ልብሱን፣ የሶፋውን ዳንቴል እየሠሩ በሚስቶቻቸው እጅ የሚያሸጡት እስረኞች ናቸው። ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ራሴ ላይ ግን ደምሬው አላውቅም። እህት ጽጌ ደመረችው። «ለካ ያ ሁሉ ኮስታራነቱ በከንቱ አይደለም! ስለ እምነቱ ታስሮ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቆን!» ብላ ስልክ አነሣች። ወሬው ማክሰኞ ሶልና ነበር፤ ሐሙስ ኦስሎ ገብቷል።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔ አንድም ቀን...»

«በኪስዎ የያዙት ምንድን ነው?» አሉኝ።

አወጣሁት። ግማሽ ቆብ ነበር። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት፤ ወደ መብራቱ አቀረቡት። ፈገግ አሉ።

«ይህ የታሰረ ሰው ሥራ አይደለም» አሉ። «እኛ ካልሲያችንን ተርትረን ነበር ክር የምናገኘው። እንዲህ የሰፋ ቀለበት ማን ያባክናል? ይህ ሱቅ ሄዶ ክር የገዛ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን ቆብ ይሆንብኛል?» አልኳቸው። አያችሁ፣ ስሜ ኦስሎ ደርሶ እያለ እኔ የጠየቅሁት ይህንን ነው።

«በየዙሩ ስለማይጨምሩ ነዋ። ከመሐል በራቁ ቁጥር ቀለበት ይጨምራሉ። ካልጨመሩ ዙሩ ያጥራል፤ ሲያጥር ወደ ላይ ይሸሻል።»

ግንባሬን መታሁ። የክብ ዙሪያ ከመሐሉ በራቀ ቁጥር ይረዝማል! ሦስት ነጥብ አንድ አራት! ይህን ከመጽሐፍ ያወቅሁት ሜሮን ሳትወለድ ነው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ እጄ ሳያውቀው ኖሯል። በደስታ ልስማቸው ነበር።

ጋሽ ደሳለኝ ካፖርታቸውን ለበሱ። «እሑድ ይናገራሉ አሉ» አሉኝ። «እኔ ተናገር ባሉኝ ቁጥር እምቢ ብያለሁ። እርስዎን ግን መጥቼ እሰማለሁ።» ሄዱ። ዛቻ ይሁን ግብዣ አላወቅሁም።

ማታውኑ ለሽማግሌው ስልክ ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ታስሬ አላውቅም።»

«ትሕትናዎን እናውቃለን።»

«ትሕትና አይደለም! አልታሰርኩም!»

«እህት ጽጌ ‹ይክዳል› ብላን ነበር» አለኝ በተነካ ድምፅ። «እውነተኛ እስረኛ ‹ታስሬ ነበር› ብሎ አይዞርም። ይባረኩ።» ስልኩን ዘጋ። ወገኖቼ፣ ሰው ኃጢአቱን ሲክድ ያምኑታል፤ ያልሠራውን ጽድቅ ሲክድ ግን የሚሰማው የለም። በካድኩ ቁጥር ቅድስናዬ ይጨምራል። ማክሰኞ ለእህት ጽጌ ነገርኳት፤ አለቀሰች።

ይህ ሁሉ ያስቃል። ቅዳሜ የሆነው ግን አያስቅም።

ሜሮን ወጥ ቤት መጣች። አበባዋ ስላልተገኘች በገጿ ላይ ከወረቀት የተቆረጠች አበባ ለጥፋለች፤ በጣት ስትዳሰስ ከገጹ የማትለይ ናት። እሱን ትታ ፊቴ ተቀመጠች።

«ፓፓ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«እስር ቤት እንደነበርክ።» እጄን ያዘች። አሥር ዓመት ከሞላት ወዲህ እጄን ይዛው አታውቅም። «እኔ እኮ ዝም ብለህ ቁጡ ነህ ብዬ ነበር የማስበው። የማትስቀው፣ ሁልጊዜ የምትመክረው፣ ሁሉ ነገር በሥርዓት ይሁን የምትለው... አሁን ገባኝ። ይቅርታ።»

አባቶች ይፍረዱኝ። የእኔ ልጅ፣ የዚያች ሁሉ ክርክር ባለቤት፣ ለቁጣዬ ሁሉ ሰበብ አግኝታ ይቅር ብላኛለች። የሚያሳምር፣ የሚያስከብር ሰበብ ነው፤ ችግሩ የእኔ አለመሆኑ ብቻ ነው። «አይደለም ልጄ፣ እንዲሁ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ግንባሬን ስማ ወጣች።

ዝም ያለ እንደ ዋሸ ይቆጠራል ያለው ማን ነበር?

እሑድ አዳራሹ ሞላ። እማማ የሺ ነጭ ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል፤ አልበሙ በአበቦቹ ብዛት አልገጥም ብሎ በቀበቶ ታስሮ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከጎኑ ለእኔ ተብሎ የተገዛ ትልቅ አረንጓዴ ቶርታ ተቀምጧል። ሜሮን ሦስተኛው ወንበር ላይ ናት፤ ጓደኛዋን ይዛ መጥታለች፣ አባቷን ልታሳያት። ጋሽ ደሳለኝ ኋላ ናቸው፤ እጃቸውን አጣጥፈዋል። ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። አትሮኑሱን ያዝኩ።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «እኔ አንድም ቀን ታስሬ አላውቅም።»

«አሜን!» አለ አንድ ወንድም። ያ ወንድም ለማስታወቂያም አሜን ይላል።

«አሜን አይደለም! እውነቴን ነው። ትሕትናም አይደለም፤ የሚያውቁኝ ትሕትና እንደሌለብኝ ያውቃሉ። በዚያ ዘመን ሰው ሲታሰር እኔ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እቆጥር ነበር። ኪሮሹን የተማርኩት ሃግሴትራ፣ ትቬትስቱጋ ውስጥ ነው። የተማርኩትም የልጄን አበባ እንዴት እንደተሠራች ላውቅ ብዬ ፈትቼ ስላጠፋኋት ነው። ፈትቼም ዝም አልኩ። ‹አይተሃል?› ስትለኝ እንደ ቃየል መለስኩላት። ትናንት ደግሞ ‹ስለ ታሰርክ ነው ኮስታራ የሆንከው› ስትለኝ ዝም አልኩ።» ሜሮንን አየኋት። «ልጄ፣ አልታሰርኩም። እንዲሁ ነኝ።»

አሜን የሚለው ወንድም እንኳ ቃል አጣ። እህት ጽጌ በመሐረብ ፊቷን ሸፈነች። እኔም መውረጃው ጠፋኝ።

ከፊት ወንበር የእማማ የሺ ድምፅ መጣ። «ታዲያ አለመታሰር ምን ኃጢአት አለው? ‹ተመስገን› በል እንጂ አንተ! ሰው ታስሬ አላውቅም ብሎ ያለቅሳል?»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። ያን ሰው ሲስቁ ሰምተን አናውቅም ነበር። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ።

ሜሮን ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ወደ እኔ መጣች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇን ዘረጋች። ኪሴ ገብቼ በሳምንቱ ውስጥ የሠራኋትን አወጣሁ። በየዙሩ ጨምሬባታለሁ፤ ቀለበቶቹንም ጋሽ ደሳለኝ እንዳሉት አጥብቄያቸዋለሁ። ከአምስቱ ቅጠሎች አንዱ አሁንም ቆብ የመሆን ሐሳብ ነበረው። ሜሮን ወደ መስኮቱ አድርጋ አየቻት፤ መምህሯ እንደምታያት ዓይነት ነው አስተያየቷ።

«አስቀያሚ ናት» አለች በስዊድንኛ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያለ ምክንያት ነው የምትቆጣው?»

«ብዙውን ጊዜ።»

አሰበችበት። «ቢያንስ ከአሁን በኋላ እንዳትፈታ አድርገህ ዘግተሃታል?»

«ዛሬ ጠዋት ጋሽ ደሳለኝ ዘጉልኝ።»

የወረቀቷን አበባ ከገጿ ልጣ ጣለች፤ የእኔን በሙጫ አጣበቀች። አልበሙን ለእማማ የሺ አቀበለቻቸው። ገጽ በገጽ በጣታቸው እየሄዱ «ይቺ የአቤል፣ ይቺ የሩት» እያሉ መጡ፤ አንዱንም አልሳቱ። የሜሮን ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ደግመው ዳሰሱ። ጫን አድርገው ሞከሩ።

«ይቺማ የአባትዬው ናት» አሉ። «ጠጠር ትመስላለች።»

ቶርታው ለእማማ የሺ ስንብት ተብሎ ተቆረጠ። ለእኔ የደረሰኝ ትንሹ ቁራጭ ነው፤ ካፖርቴንም ራሴ ለበስኩ። በባቡር ስንመለስ ሜሮን ጎኔ ተቀምጣ መርፌዬንና ክሬን ከኪሴ አወጣች፤ ቅጠሉ ለምን ቆብ ሊሆን እንደፈለገ ልታሳየኝ ጀመረች። «ይሄን አትንካው፣ እኔ ልያዘው፣ አንተ ተመልከት ብቻ» ትለኛለች፤ ድምጿ ቁጣ ቁጣ ይላል። ይህ ከማን መጣ ብዬ ብጠይቅ መልሱን ስለማውቀው ዝም አልኩ። ይህኛው ዝምታ ውሸት አይመስለኝም።

ሂሳቡ ቀረ። መርፌና ክር፣ በእኔ፣ ዘጠና አራት ክሮነር። ቶርታ፣ በሽማግሌዎች፣ መቶ ሰማንያ። እህት ጽጌ ለነገረቻቸው ሁሉ መልሳ ደውላ «አልታሰረም» ለማለት፣ ኦስሎ ጭምር፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፤ መጀመሪያ ወሬውን ስታደርስ የደወለችበትን ግን አልጠየቀችም፣ እሱን በደስታ ነው የከፈለችው። የአልማዝ ሹራብ ሦስት መቶ። ኢንጋ የከፈለችው የለም፤ እንቁላሎቿ ሞቋቸዋል። ሜሮን ሁለት ጊዜ ደምራዋለች፤ እኔ ዕቃ እንዳልነካ ብቻ ሳይሆን ቁጥርም ብቻዬን እንዳልደምር ለጊዜው ታግጃለሁ። ጠቅላላው ሰባት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ክሮነር።